የሰይቼንቶዋ ሰሞን

አባቴን መሰለል የጀመርኩት በአሥር ዓመቴ፣ ደህና መኪና ሸጦ የዶሮ ቤት የገዛ ዕለት ነው።

የዶሮ ቤት ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ከአሽዶድ ወጣ ብሎ ካለ የገበሬዎች ሰፈር በጭነት መኪና ተጭና የመጣችው ነገር መስኮቶቿ ረግፈዋል፤ የኋላ ወንበሯ ላይ ገለባ ተጎዝጉዟል፤ መሪዋ ላይ ኩስ ደርቋል። እኛ የምንኖረው የሕንጻው ምድር ቤት ስለሆነ ከኋላችን ትንሽ ግቢ ነበረችን። አባቴ ማሐሪ እዚያ ከቆርቆሮ በሠራት መጠለያ ውስጥ አስገባትና ጣሪያዋን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረጋት።

«ሰይቼንቶ ናት» አለ። «የስልሳ ሁለት ስሪት። አዲስ አበባ ታክሲው ሁሉ እሷ ነበረች።»

እናቴ አገኘሁሽ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ትመለከታለች። «ደህናይቱን ሸጠህ ለዚህች?»

«እሠራታለሁ።»

«እስከዚያስ በምን እንሄዳለን?»

«አውቶቡስ ሞልቷል።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረችና እሱ እንዲሰማት ጮክ ብላ፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ኦዴል» አለችኝ። ለቀልድ ትበለው ለምር እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን የምሬን ያዝኩት።

አሁን ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። የምሠራው ወደቡ አካባቢ ነው፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ሰነዱ ላይ እንደተጻፈው መሆኑን አለመሆኑን አያለሁ። ሰው «ሳሙና ነው» ሲለኝ «እስቲ ይከፈት» እላለሁ። ጥርጣሬ እንጀራዬ ሆኗል ማለት ነው። የተማርኩት ግን መሥሪያ ቤት ገብቼ ሳይሆን በዚያች ቆርቆሮ ቀዳዳ ነው።

አባቴ ከእነ ቤተሰቡ ከጎንደር ወርዶ አዲስ አበባ የእስራኤል ጉዞውን ሲጠባበቅ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ብሎ አንድ ጋራዥ ገባ፤ ቁልፍ አቀበለ፣ ዕቃ በቤንዚን አጠበ፣ ቴስታታና ካንዴላ፣ ካምቢዮና ፍሪሲዮን የሚሉትን ቃላት እዚያ ለመደ። ከዚያ አውሮፕላኑ መጣና እስራኤል ገባ። እዚህ የሰጡት ሥራ ማልገዛ መንዳት ነው፤ ማልገዛ የምንላት ከፊቷ በሁለት ብረት ሹካ ጭነት የምታነሣውን መኪና ነው። ወደቡ አጠገብ ካለ መጋዘን ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ነዳት። ጋራዡን ግን አልረሳም። ጌታው የነበረው ሰውዬ አንዲት ሰይቼንቶ ሞተሯን ከፍቶ፣ ፍቆ፣ አስፍቶ ከተሠራችበት በላይ እንድትሮጥ አድርጓት ነበርና፣ አባቴም አንድ ቀን እንደዚያ ያለች እሠራለሁ እያለ ሲመኝ ኖሯል። ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር። ያላወቅነው ለምን አሁን እንደሆነ ነው። ምኞቱን አሥራ ስድስት ዓመት አስቀምጦ፣ ድንገት በአንድ ሰኔ ምን አስቸኮለው?

ነገሩ አልጣመኝም። በተለይ ዘሃቫ መምጣት ከጀመረች በኋላ።

ዘሃቫ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ጸጉሯን ቀይ የተቀባች፣ የወንድ የሥራ ሱሪ የምትለብስ የሞሮኮ ሰው ናት። ባሏ ሞቶ በኢንዱስትሪው ሰፈር አንዲት የሞተር ሬቲፊካ ቤት ትቶላታል፤ ብረት የሚላግበት፣ ሲሊንደር የሚሞረድበት ቤት። ማሽኖቹን ራሷ ነበር የምታንቀሳቅሳቸው። ሳቋ ከግቢያችን እስከ አራተኛ ፎቅ ይሰማል። ወደ እኛ ቤት የምትመጣው ዓርብ ጠዋት ነው። እናቴ ደግሞ ዓርብ ጠዋት በአረጋውያን ማረፊያ ወጥ ቤት ሥራ ላይ ናት። ሁለቱን ነገር በልቤ ያገናኘሁት እኔ ነኝ።

የበጋው ዕረፍት ስለነበር ጊዜ ሞልቶኛል። የቆርቆሮዋ ግድግዳ ላይ ምስማር የበሳው ቀዳዳ ነበረ፤ ዓይኔን እዚያ ላይ አድርጌ እንደ ድመት አደባለሁ። ቆርቆሮው በፀሐይ ይግልና ጉንጬን ይለበልበኛል። ከውስጥ የቤንዚን፣ የተፈጨ ብረትና የዘሃቫ ሲጋራ ሽታ ይመጣል።

«ሞተክ፣ ያንን ቁልፍ አቀብለኝ» ትለዋለች።

ሞተክ! በዕብራይስጥ የኔ ማር እንደማለት ነው። አባቴን! በሆዴ ቋጠርኩት። የአውቶቡስ ሹፌሩንም፣ ፖስተኛውንም፣ የጎረቤታችንን ድመትም ሞተክ እንደምትል ያወቅሁት ከርሞ ነው።

ቴስታታውን ፈትተው ጠረጴዛ ላይ አውጥተውታል። ቴስታታ የሞተሩ ክዳን ነው፤ እሳቱ የሚነድደው ከሥሩ ነው። ዘሃቫ ወደ ቤቷ ወስዳ ፊቱን ሁለት ሚሊሜትር ልጋው ስትመልሰው እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። «ቦታው ሲጠብ እሳቱ ይበረታል» ሲል ሰምቼዋለሁ አባቴን። ቫልቮቹን በትልልቅ ቀየሯቸው፤ ከሌላ መኪና የተፈታ ሰፊ ካርቡሬተር አመጡ። ዋናው ጣጣ ግን ነዳጅና አየር የሚገባበት መንገድ ነበር። የሰይቼንቶ ይህ ቧንቧ እንደ ሌላው መኪና ለብቻው ተፈትቶ አይወጣም፤ ከቴስታታው ጋር አብሮ ቀልጦ የተሠራ ነው። ለማስፋት በጠባቧ ቀዳዳ ተገብቶ ከውስጥ መፋቅ አለበት፤ የት እንደደረሱ አይታይም። ትንሽ ካበዙት ውሃው የሚዞርበት ክፍል ይበሳና ቴስታታው ይጣላል።

አባቴ ያንን ሥራ ሳምንታት ፈጀበት። ይፍቃል፤ ያቆማል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን ይሰድዳል። አንድ ዓርብ ዘሃቫ ከጎኑ ቁጭ ብላ እጁን በእጇ ይዛ ጣቱን ወደ ቀዳዳው ስትመራው አየሁ።

«እዚህች ጋ ጉብታ አለች» አለችው።

«አገኘኋት።» ፈገግ አለ። እንዲህ ፈገግ ሲል ካየሁት ሰንብቼ ነበር።

«ጎበዝ። ያንተ ጣት ከማሽኔ ይበልጣል።»

እጇን ቶሎ አላነሣችም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለአገኘሁሽ ነገርካት?» አለች።

«ከበዓላቱ በኋላ።»

«ከበዓላቱ በኋላ፣ ከበዓላቱ በኋላ! የኔም ባል እንዲህ ሲል ነው ያለቀለት።»

«ከነገርኳት ሁሉም ነገር ያበቃል፣ ዘሃቫ።»

ከቀዳዳዋ ራቅሁ። ሁሉም ነገር ያበቃል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ አሥር ዓመት በቂ ነው፤ የጓደኛዬ የሳሪት አባት ባለፈው ዓመት ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ። ይህች መኪና የምትሠራው ለምን እንደሆነ ገባኝ። ከበዓላቱ በኋላ ሁለቱም ይገቡባትና ይሄዳሉ።

ዘሃቫ በወጣች ቁጥር አባቴ ከመጠለያው ጀርባ ይሄዳል፤ ሲመለስ ሁለት ጉንጩ እርጥብ ነው። ተለይታው እያለቀሰ መስሎኝ ነበር። የመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከመፍቻዎቹ ሥር፣ ወረቀቷ የተላጠ አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ አገኘሁ። አሸተትኳት፤ ሽታ የላትም። የሴት ነገር ነው ብዬ መልሼ አስቀመጥኳት። የዓይን ጠብታ ነበረች።

ነሐሴ መካከል ላይ አንድ ቀን ጠዋት፣ «ዛሬ ተጨማሪ ሰዓት አለኝ፣ አመሻለሁ» ብሎ ወጣ። እኔ ከሰዓት በኋላ ከሳሪትና ከእናቷ ጋር ባሕር ሄድኩ። ዋኝተን ስናበቃ እናቷ ፎጣ ስትሰበስብ እኔና ሳሪት በባሕሩ ዳር ባለው የእግር መንገድ አይስክሬም እየላስን ቀደምን። ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ሙቀቱ ከድንጋዩ ይነሣል።

ከወዲያ ማዶ አባቴ መጣ። ዘሃቫ ክንዱን ይዛዋለች።

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። የሥራ ልብሱን አልለበሰም፤ የበዓል ሸሚዙን ነው የለበሰው። ዘሃቫ በሌላ እጇ ስልክ ይዛ ወደ መንገዱ ዞራ ትጮኻለች። እሱ ግን ወደ እኔ ነበር የሚያየው። በመካከላችን ሦስት እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ። ፊቱን ፊቴ ላይ አሳረፈ። ከዚያ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ አለፈኝ። እጅጌው ትከሻዬን ነካኝ።

«አባትሽ አይደለም እንዴ?» አለች ሳሪት።

«አይደለም።»

«ቁርጥ እሱን ነው የሚመስለው።»

«አይደለም አልኩሽ!»

አይስክሬሙ ቀልጦ እስከ ክርኔ ወርዷል። ያን ዕለት ሐኪሙ በዓይኑ ጠብታ ጨምሮ ብሌኑን ከፍቶት ስለነበር፣ በዚያ ፀሐይ ሰው መኖሩን እንጂ የማን ልጅ እንደሆነች የሚያይበት ዓይን አልነበረውም። ዘሃቫ ክንዱን የያዘችው ከሐኪሙ ስትመልሰው ተደናቅፎ እንዳይወድቅ ነው። ይህን አሁን አውቃለሁ። አሁን ማወቄ ግን ያችን ልጅ ከዚያ መንገድ ላይ አያነሣልኝም፤ ዛሬም በዚያ ሳልፍ እዚያው ቆማ አያታለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና «ተጨማሪ ሰዓት አለኝ» አለ። እናቴ ሸሚዙን ስታጥብ አንገትጌውን ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ አይቻታለሁ፤ እሷም የምትጠረጥረው ነገር ነበራት፤ አፍ አውጥታ አልተናገረችም እንጂ። እኔ ግን ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ። የመጋዘኑ ስልክ ቁጥር ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። ከሰዓት በኋላ፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን፣ ደወልኩ። ያነሣው የፈረቃው አለቃ ጊድዖን ነው። በአንድ በዓል ቤታችን መጥቶ ስለሚያውቅ ድምፄን ለየው።

«አባቴ ተጨማሪ ሰዓቱን ስንት ላይ ነው የሚጨርሰው?» አልኩት።

«የምን ተጨማሪ ሰዓት? አንቺን ሊወስድ ቀትር ላይ ወጣ እኮ።»

«የት?»

«ዓይን ሐኪም ነዋ። ይሄ ሦስተኛሽ አይደል? እንዴት ነው ዓይንሽ፣ ተሻለሽ?»

ለእናቴ ሥራ ነኝ ይላል፤ ለሥራው ከልጄ ጋር ነኝ ይላል። በእኔ ስም!

«ዓይኔ ደህና ነው» አልኩት። «ምንም አልሆንኩም። እኔ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄጄ አላውቅም። እሱ ነው ከዘሃቫ ጋር የሚሄደው።»

ከጊድዖን ጀርባ የማልገዛዎቹ ጡሩምባ ይሰማል። ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ዓይን» አለ። ከዚያ፣ «እሺ ኦዴል። ስለደወልሽ አመሰግናለሁ» ብሎ ዘጋው።

እኔ ነገሬን ስለ ዘሃቫ ነበር የነገርኩት። እሱ የሰማው ሌላ ነው። ከወር በፊት አባቴ የመደርደሪያ እግር ገጭቶ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ሰላምታ ሰጥተውት ዝም ብሎ አለፈን ብለው የተቀየሙ ሠራተኞች ነበሩ። ሁሉም በአንድ ቃል ተገጣጠመለት።

በማግስቱ አባቴ ረፋድ ላይ የሥራ ጫማውን በፌስታል ይዞ ቤት ገባ። ሐኪም ሳያየው ማልገዛ ላይ እንዳይወጣ ተነግሮታል። መጠለያው ውስጥ ገብቶ ምንም ሳይነካ እናቴ እስክትመጣ ተቀመጠ። እንደመጣች መኝታ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ጆሮዬን ቀስሬ ቆምኩ።

«ስንት ጊዜህ ነው?» አለች እናቴ።

«ሁለት ዓመት።»

«ሁለት ዓመት ከጎኔ ተኝተህ! ዘሃቫ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

ከዚያ በኋላ ለቅሶ ሆነ፤ ለቅሶው ውስጥ «ሴት» የሚለው ቃል ብቻ ግድግዳውን አልፎ መጣልኝ። በቃኝ። ጨርሼ አወቅሁ። ክፍሌ ገብቼ ትራሴን አቅፌ፣ ያሸነፈ ሰው እንዲህ ነው የሚሰማው እንዴ ብዬ ተኛሁ።

እናቴ ያኔ ያለችውን ሙሉውን የነገረችኝ አግብቼ ስወጣ ነው። «ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር» ነው ያለችው። «ከሴት ጋር እጣላለሁ። ከግላኮማ ጋር በምን አፌ ነው የምጣላው?»

ዘሃቫ ያወቀችው ከሁሉ ቀድማ ነው። ባሏ በዚያው በሽታ ዓይኑን አጥቶ ስለነበር፣ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቴስታታ ይዞ ሱቋ ሲገባ በሩን በትከሻው ሲመታ አይታ ነገሩ ገባት። ሐኪም ዘንድ እየጎተተች የወሰደችው እሷ ናት። መኪናችንን የሸጠው ከዚያ በፊት ነው፤ እኛን ጭኖ አንድ ምሽት ቀይ መብራት አልፎ ስለነበር። እኔ ከኋላ ተኝቼ ነበር። ማልገዛውን ግን አልተወም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ከእኔ ጋር መነጋገር አቆመ። ፈጽሞ ዘጋኝ ማለቴ አይደለም፤ «ብዪ»፣ «ተኚ»፣ «በሩን ዝጊ» ይላል። ድሮ «ኦዴልዬ» ነበርኩ፤ አሁን ኦዴል ብቻ ሆንኩ። ከትምህርት ቤት ስገባ ከክፍሉ ይወጣል። ያፈረ ሰው እንዲህ ነው አልኩ። ልጁ ስላወቀችበት ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ያደናገረኝ እናቴ ናት። ዘሃቫ እንደገና ስትመጣ ጠረጴዛ ዘርግታ ሻይ ቀዳችላት። በሳምንቱ እሷም መጠለያው ውስጥ ገባች። የወጥ ቤት ጓንቷን አጥልቃ ብሎኖች በቤንዚን ታጥባለች፤ ዘሃቫ የምትነግራትን ቁጥር ለአባቴ ትደግምለታለች። ሦስቱም ይሳሳቃሉ። እናቴ ተሸነፈች ብዬ ናቅኋት። አንድ ቀን «ምነው አንች፣ ፊትሽ የጠቆረው?» ብትለኝ፣ «አንቺ ምንም የማታውቂ ነሽ» ብያት ሮጥኩ። እሷ ሁሉንም ታውቅ ነበር። ለእኔ የማይነግሩኝ እንዳልፈራ ብለው ነው፤ በየምሽቱ ተማክረውበታል።

በዓላቱ አለፉ። ማንም ሻንጣ አላዘጋጀም።

አንድ ዓርብ ጠዋት እናቴና ዘሃቫ ባትሪ ሊያመጡ ወጡ። ሰይቼንቶዋ ሰማያዊ ተቀብታ፣ ሰፋፊ ጎማ ገብቶላት፣ የኋላ ክዳኗ በብረት ተደግፎ ሞተሯ ሜዳ ላይ እንደወጣ ልብ ተገልጦ ቆማለች። አባቴ ከጎኗ ተንበርክኮ ነበር።

«ኦዴል» ብሎ ጠራኝ። «ነይ እስቲ።»

በሩ ላይ ቆምኩ።

«እዚህች የምትዞር ክብ ፑሌጃ ላይ ነጭ ነጥብ አለች። ከጎኗ ሞተሩ ላይ ጭረት አለ። እኔ በቁልፍ አዞራለሁ። ሲገጣጠሙ ‹ገጠመ› በይኝ። እሳቱ በሰዓቱ እንዲመጣ ነው።»

«ለምን ራስህ አታየውም?»

«አይታየኝም።»

«መብራት ላምጣ?»

ቁልፉን አስቀመጠ። «ብርሃንማ አለ፣ ልጄ። ፀሐይዋ ጀርባዬን እያቃጠለችኝ ነው።»

አልገባኝም። ከዚያ ወደ እኔ ፊቱን ሲያዞር ዓይኑ ከጎኔ ያለውን በር ሲፈልግ አየሁ። ቀስ ብዬ ተጠጋሁና እጄን በጆሮው አጠገብ አወዛወዝኩ። አላወቀም። ወደ ፊቱ እያመጣሁ ስሄድ፣ አፍንጫው አጠገብ ስደርስ፣ እጄን ያዘኝ።

«ከዳር ነው የጀመረኝ» አለ። «አሁን በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። እሷም ትዘጋለች ይሉኛል።»

በዚያች ቅጽበት የባሕሩ ዳር መንገድ መጣብኝ፤ የበዓል ሸሚዙ መጣብኝ፤ የዘሃቫ እጅ መጣብኝ። ከሁሉ በላይ የጊድዖን «ዓይን» የሚለው ድምፅ መጣብኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። አባቴ ግን ቁልፉን አንሥቶ ማዞር ጀምሮ ነበር። ተንበረከክሁ። ነጩ ነጥብ ከሥር ወጣ፤ ተጠጋ፤ ተጠጋ።

«ገጠመ» አልኩት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ከቀትር በፊት ባትሪው ተገጠመ። ዘሃቫ ቁልፉን ስታዞረው መጀመሪያ ሳል ብቻ ሆነ፤ ሁለተኛው ላይ መኪናዋ አስነጠሰች፤ ሦስተኛው ላይ ያ ሁሉ ቆርቆሮ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከትንሽ መኪና የሚወጣ ድምፅ አልነበረም። ጎረቤቶች በየሰገነቱ ወጡ፤ አንዷ «ሻባት ሊገባ ነው፣ ዝም አሰኙት!» ብላ ጮኸች። አባቴ ሁለት መዳፉን ክዳኗ ላይ ጭኖ አንገቱን አዘንብሎ ያዳምጣል። ዘሃቫ መሪ ያዘች፤ አባቴ ከጎኗ ተቀመጠ፤ እናቴ ከኋላ ከእኔ ጋር ታጥፋ ገባች፤ ከሕንጻው ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ አምስት ጊዜ ዞርን። እናቴ አንገቴን አንቃ ስትስቅ ታለቅስ ነበር። እኔ ለጊድዖን መደወሌን ማንም እንደማያውቅ ለራሴ ነገርኩ። እንደማልናገርም ለራሴ ነገርኩ።

አባቴ መጋዘኑን ተወና ዘሃቫ ዘንድ ሥራ ገባ። የቴስታታ ውስጥ መንገድ በጣቱ እየዳሰሰ የሚያስተካክል ሰው አለ ተብሎ ከአሽቀሎንና ከቤርሼባ ድረስ ይመጡበት ጀመር። ዓይኑ ሙሉ በሙሉ የተዘጋው እኔ ወታደር ሳለሁ ነው። ከእኔ ጋር የነበረው ብርድ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በራሱ ለቀቀ፤ አንድ ቀን «ኦዴልዬ» አለኝ፣ አበቃ። እፍረቱ አለፈለት ብዬ ደስ አለኝ። እንዲህ ብዬ አምኜ አሥራ ስድስት ዓመት ኖርኩ።

ባለፈው ወር አባቴ ደውሎ፣ «ሻሃር ወንድ ልጅ ወልዶ ብሪት ጠርቶኛል፣ ውሰጅኝ» አለኝ። ልጁ በስምንተኛው ቀን ሊገረዝ ነው።

«ሻሃር ማን ነው?» አልኩት መኪና ውስጥ።

«መጋዘን አብሮኝ የሠራ ልጅ። ያኔ ገና ከሠራዊት መውጣቱ ነበር።»

«ስሙን አንሥተህ አታውቅም።»

በመስኮቱ የባሕሩ ንፋስ ይገባል።

«መሬት ላይ ተቀምጦ ካርቶን ያስር ነበር» አለ። «በጎኔ በኩል። ሹካዋ ላይ አንድ ቶን የወለል ሴራሚክ ነበረ። አውርደው ቢሉኝ አወረድኩ። ‹ኤይ!› ሲል ሰማሁ። ከጭነቱና ከራሱ ቅል መካከል ይህችን ታህል ቀርታ ነበር።» በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አሳየኝ። «ሳቀ እሱ። ‹ምን ነካህ ማሐሪ?› አለኝ። ፀሐይ ዓይኔን ወጋችኝ አልኩት። ማክሰኞ ነው ይሄ። ረቡዕ ተመልሼ ወጣሁባት። ሐሙስም ወጣሁባት።»

«ለምን፣ አባ?»

«ከዚያች ላይ ከወረድኩ ዕውሩ ማሐሪ ነኛ።»

መሪውን አጥብቄ ያዝኩ። አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም።

«ለጊድዖን የደወልኩለት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅህ?»

«ያኔውኑ። አስቀምጦ ሲያናግረኝ፣ ‹ልጅህ ዓይኔ ደህና ነው አለችኝ› ብሎ ነው የጀመረው።»

«አንድ ቀን እንኳ ምንም አላልከኝም!»

«ምን ልበልሽ? ተናድጄብሽ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ተናድጄብሽ ነበር።»

«እኔ አፍረህ መስሎኝ…»

«አንችን?» ራሱን ነቀነቀ። «አይ። ከክፍልሽ ስትስቂ ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ መሆንሽን እያወቅሁ። የሻሃርን ራስ እያሰብኩ። ባትደውይ ኖሮ የሚሆነውን እያወቅሁ። ማወቁ ንዴቱን አላበረደልኝም። ከዚያ አንድ ጠዋት ተነሣሁና ንዴቱ አልነበረም።»

አዳራሹ ደጃፍ አቁሜ በሩን ከፈትኩለት፤ ክንዴን ያዘ።

ሻሃር ወፍራም፣ ጸጉሩ የሳሳ ሰው ሆኗል። ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ ሰው እየገፋ መጥቶ አባቴን አቀፈውና፣ «ማሐሪ! መጣህልኝ!» ብሎ ሁለት ጉንጩን ሳመው። ሕፃኑ በነጭ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሻሃር አባቴን ወንበር ላይ አስቀምጦ ልጁን ጭኑ ላይ አኖረለት። አባቴ ጣቱን ቀስ አድርጎ በሕፃኑ ራስ ላይ አሳለፈ፤ ከግንባሩ ጀምሮ፣ አጥንቱ ገና ያልገጠመባትን ለስላሳ ቦታ ዞሮ፣ እስከ ማጅራቱ።

«ተጠንቀቅ ታዲያ» አለ ሻሃር እየሳቀ፣ «እንዳትጥልብኝ።»

በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ክንዶቹን ሰብስቦ ሕፃኑን ወደ ደረቱ አስጠጋው፤ እናቲቱ መጥታ እስክትቀበለው ድረስም እንደዚያው ቆየ።